ሃራልድ ስቨርድሩፕ፤ የባሕርን ጸደይ በሒሳብ የመረመረ ሊቅ

በሰሜንና በደቡብ ዋልታ አካባቢ በሚገኙ ባሕሮች የብርድ ወራት ማለት የጨለማ ወራት ማለት ነው። ፀሐይ ለሳምንታት፣ በአንዳንድ ሥፍራም ለወራት፣ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። በዚህ ጊዜ ኃይለኛው ነፋስና ብርዱ ውሃውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ስለሚያማስሉት፣ ናይትሬትንና ፎስፌትን የመሳሰሉት ለዕፀዋት ምግብ የሚሆኑ ጨዎች ከጥልቁ ተነሥተው ወደ ገጹ ይወጣሉ። ከዚያም ፀሐይ ትመለሳለች፤ ቀኑም በፍጥነት ይረዝማል። ብርሃን አለ፤ ምግብም ሞልቷል። ይሁን እንጂ ባሕሩ ወዲያው አይለመልምም። ለሳምንታት ጥርት ብሎ ከቆየ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልኩን ለውጦ አረንጓዴ ይሆናል። ይህን መልክ የሚሰጡት ፋይቶፕላንክተን የተባሉት፣ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ተንሳፋፊ ዕፀዋት ናቸው።

እነዚህ ዕፀዋት የባሕር ሣር ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጥቃቅኖቹ የባሕር እንስሳት ይግጧቸዋል፤ እነዚያን ዓሣ ይበላቸዋል፤ ዓሣውን ደግሞ የባሕር ወፍ፣ አቆስጣና ሰው ይመገቡታል። ሣሩ ዘግይቶ ከበቀለ ወይም ሳስቶ ከቀረ ጉዳቱ እስከ ዓሣ አጥማጁ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ባሕሩ ብርሃንና ምግብ አግኝቶ ሳለ የሚዘገየው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ሥራ ፈት የሆነ የሊቃውንት ክርክር አልነበረም። ለዚህ ጥያቄ ጥርት ያለና በሒሳብ ሊፈተን የሚችል መልስ የሰጠው ኖርዌያዊው ሃራልድ ኡልሪክ ስቨርድሩፕ ነው። መልሱን ያሳተመው በ1953፣ ከመሞቱ አራት ዓመት በፊት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስቨርድሩፕ የተወለደው ኅዳር ወር 1888 በምዕራብ ኖርዌይ፣ በሶግንዳል ነው። ቤተሰቡ ከመምህራንና ከሃይማኖት ሊቃውንት ወገን ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሌይፍ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በድልድይ ሥራ ስሙ የተጠራ መሐንዲስ ሲሆን፣ ሃራልድ ግን የተፈጥሮን ሳይንስ መረጠ። በዋና ከተማዪቱ በሚገኘው ዩኒቨርስቲ ሲማር በ1911 የታላቁ የሜትዮሮሎጂ ሊቅ የቪልሄልም ብየርክኔስ ረዳት ሆነ። በ1913 መምህሩን ተከትሎ ወደ ጀርመን አገር ወደ ላይፕሲግ ሄደ፤ በ1917ም ስለ ሰሜን አትላንቲክ የንግድ ነፋሳት በጻፈው ጥናት የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ።

ብየርክኔስ ለተማሪዎቹ ያስተማረው ዋና ነገር የአየር ጠባይ በግምት ሳይሆን በስሌት ሊታወቅ የሚገባው መሆኑን ነው። አየርም ሆነ ውሃ የእንቅስቃሴና የሙቀት ሕግ ይገዛቸዋል። ወደ አንድ ሥፍራ የሚገባውና ከዚያ የሚወጣው ኃይል ከታወቀ፣ በመካከሉ የሚሆነውን ማወቅ ይቻላል። ገቢንና ወጪን የማመዛዘን ልማድ ስቨርድሩፕን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

በ1918 ዕድሜው ሠላሳ ሳይሞላ ሕይወቱን የለወጠ ጉዞ ጀመረ። በ1911 ደቡብ ዋልታን ከሁሉ ቀድሞ የረገጠው ሮአልድ አሙንድሰን ማውድ በተባለችው መርከብ ወደ ሰሜን ለመጓዝ ተነሣ። ዓላማው መርከቢቱን በበረዶ ውስጥ አስይዞ፣ ከበረዶው ጋር እየተንሳፈፈ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ለማለፍ ነበር። ስቨርድሩፕ የጉዞው የሳይንስ ኃላፊ ሆነ። ጉዞው የታሰበው ለጥቂት ዓመታት ቢሆንም ሰባት ዓመት ፈጀ፤ መርከቢቱም ወደ ዋልታው ሳትደርስ ቀረች።

የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ያሳለፉት በሳይቤርያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በቼሊውስኪን ርእሰ ምድር አጠገብ ነበር። በ1919 ሁለት መርከበኞች ደብዳቤዎችንና የምርምር ጽሑፎችን ይዘው በእግር ወደ ዲክሰን ተላኩ፤ ሁለቱም በመንገድ ሞቱ። በስተኋላ የተሸከሙት ጽሑፍ ሲገኝ እነሱ ግን በሕይወት አልተመለሱም። በመጻሕፍት ላይ በአንድ መሥመር የሚሰፍር ቁጥር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ስቨርድሩፕ የተረዳው ከዚህ ዓይነቱ ኀዘን ጭምር ነው።

በ1919 እና በ1920 መካከል የነበረውን የብርድ ወራት በአብዛኛው ያሳለፈው ከመርከቢቱ ተለይቶ፣ አጋዘን ከሚያረቡት የቹክቺ ዘላኖች ጋር ነበር። ከእነሱ ጋር በድንኳን አደረ፤ የበሉትን በላ፤ ቋንቋቸውንም ተማረ። ስለ አኗኗራቸው የጻፈው መጽሐፍ በ1938 ታትሟል። ከ1922 ጀምሮ ደግሞ ማውድ በበረዶ ተይዛ ሁለት ዓመት ሙሉ ተንሳፈፈች። አሙንድሰን በበኩሉ ወደ አውሮፕላን ጉዞ ፊቱን ስላዞረ ከመርከቢቱ ተለይቶ ነበር። ስቨርድሩፕና ጓዶቹ ግን በጨለማውና በብርዱ ውስጥ የአየሩን ሙቀት፣ የነፋሱን ፍጥነት፣ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይልና ከበረዶው በታች የሚሄደውን የውሃ ፍሰት መለካታቸውን አላቋረጡም።

ከዚህ ሥራ የተገኘው ታላቅ ፍሬ በሳይቤርያ የባሕር ዳርቻ ስላለው የውሃ ሙላትና ጉድለት በ1926 የታተመው ጥናት ነው። በዚያ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ባሕር ላይ የሙላቱ ማዕበል ሲጓዝ የምድር መዞር አቅጣጫውን እንደሚለውጠው፣ ከባሕሩ ወለልና ከበረዶው ጋር የሚያደርገው ሰበቃም እንደሚያዳክመው ስቨርድሩፕ በልኬት አሳየ። ዋልታውን ለመድረስ የታሰበው ጉዞ ከሽፏል፤ ሆኖም ውሃ በበረዶ ሥር እንዴት እንደሚንቀሳቀስና እንዴት እንደሚደባለቅ የሰው ልጅ በውል ማወቅ ከጀመረባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ከጉዞው እንደተመለሰ በ1926 በበርገን የሜትዮሮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኖ የመምህሩን የብየርክኔስን ወንበር ያዘ። በ1931 ሂዩበርት ዊልኪንስ ናውቲለስ በተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ በረዶ ባደረገው ሙከራ የሳይንሱን ክፍል መራ። በ1936 ደግሞ በካሊፎርንያ የሚገኘው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ዲሬክተር እንዲሆን ተጠርቶ ሄደ። ይቆያል የተባለው ለሦስት ዓመት ሲሆን አሥራ ሁለት ዓመት ቆየ። በዚያም ከባሕር ሕይወት አጥኚው ከማርቲን ጆንሰንና ከሪቻርድ ፍሌሚንግ ጋር ስለ ውቅያኖሶች የጻፈው መጽሐፍ በ1942 ታተመ። ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ያለው ይህ መጽሐፍ የውሃውን እንቅስቃሴ፣ ኬሚስትሪውንና በውስጡ ያለውን ሕይወት ባንድነት ስለያዘ፣ ለብዙ ዓመታት የሙያው ዋና መማሪያ ሆኖ አገልግሏል።

የጦርነቱ ዘመን ለስቨርድሩፕ ክብርንም መራራነትንም ይዞ መጣ። አገሩ ኖርዌይ በጀርመን ተይዛ ነበር፤ በዚያ ዘመዶች ስለነበሩት ታማኝነቱ ተጠረጠረ፤ በ1942ም ምሥጢራዊ በሆነ የባሕር ኃይል ሥራ እንዳይሳተፍ ታገደ። ያም ሆኖ ከወጣቱ ተማሪው ከዎልተር ማንክ ጋር ነፋስ የባሕርን ማዕበል እንዴት እንደሚያሳድግና ማዕበሉ ወደ ዳርቻ ሲደርስ ምን ያህል ከፍታ እንደሚኖረው የሚተነብይ ዘዴ አዘጋጀ። በዚህ ዘዴ የሠለጠኑ የአየር ጠባይ መኮንኖች የማዕበሉን ሁኔታ ለጦር አዛዦች ይናገሩ ነበር፤ በ1944 በኖርማንዲ ለተደረገው የጦር ማራገፍም ጠቅሟል። የተጠረጠረው ሰው ስሌት የብዙ ሺህ ወታደሮች ሕይወት በተመካበት ሥራ ላይ ዋለ። በ1947 ደግሞ ነፋስ ታላላቆቹን የውቅያኖስ ጅረቶች እንዴት እንደሚነዳ የሚገልጸውን፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሚዛን አሳተመ።

በ1948 ወደ አገሩ ተመልሶ የኖርዌይ የዋልታ ተቋም ዲሬክተር ሆነ። ከ1949 እስከ 1952 ኖርዌይ፣ ብሪታንያና ስዊድን በአንታርክቲካ በጋራ ያካሄዱትን የጥናት ጉዞ ካደራጁት ዋነኞቹ አንዱ እሱ ነበር። የጉዞው ሠፈርም ማውድሃይም ተባለ። በዚህ ወቅት ነበር ወደ ባሕሩ ጸደይ ጥያቄ የተመለሰው።

ጥያቄውን ያነሣው እሱ የመጀመሪያው አልነበረም። ኖርዌያውያኑ የዕፀዋት ሊቃውንት ሃኬን ግራንና ትሪግቬ ብራውሩድ በ1935 ባሳተሙት ጥናት፣ ውሃው እጅግ በጥልቅ ሲደባለቅ ዕፀዋቱ ሊበዙ እንደማይችሉ አመልክተው ነበር። ስቨርድሩፕ ይህን አሳብ ወስዶ እንደ ገቢና ወጪ መዝገብ አዘጋጀው። የዕፀዋቱ ገቢ በብርሃን ኃይል የሚያዘጋጁት ምግብ ነው፤ ገቢውም ብርሃን ባለበት በላይኛው ውሃ ብቻ የተወሰነ ነው። ወጪያቸው ግን በትንፈሳና በመበላት የሚጠፋው ነው፤ ይህም ብርሃን ይኑር አይኑር፣ ቀንም ሆነ ሌሊት፣ በማናቸውም ጥልቀት አይቋረጥም።

ብርሃን ወደ ውሃ ሲገባ በየሜትሩ ካለው ላይ የተወሰነ እጅ እየተቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ዕፅ የቀን ገቢና ወጪ እኩል የሚሆኑበት አንድ ጥልቀት አለ፤ ይህ የማካካሻ ጥልቀት ይባላል። ነገር ግን ተንሳፋፊ ዕፅ በአንድ ቦታ ቆሞ አይኖርም፤ ውሃው ሲደባለቅ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ስለሆነም ሚዛኑ የሚሠራው ለአንድ ነጥብ ሳይሆን ከገጽ እስከ ታች ለሚደባለቀው ውሃ በሙሉ ነው። በዚያ ሽፋን ውስጥ ጠቅላላው ገቢ ከጠቅላላው ወጪ ጋር እኩል የሚሆንበትን ጥልቀት ስቨርድሩፕ ወሳኝ ጥልቀት አለው። ውሃው የሚደባለቀው ከዚህ በላይ ባለው ክፍል ብቻ ከሆነ ዕፀዋቱ ይበዛሉ፤ ከዚህ አልፎ ወደ ታች ከሆነ ግን ይመነምናሉ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ብርሃኑ በየ10 ሜትሩ ወደ 37 በመቶ ዝቅ የሚልበት ውሃ አለ እንበል። በገጹ ላይ ያለው አማካይ ብርሃን ለማካካሻ ከሚያስፈልገው ሁለት እጥፍ ብቻ በሚሆንበት ጊዜ፣ የማካካሻው ጥልቀት 7 ሜትር ያህል፣ ወሳኙ ጥልቀት ደግሞ 16 ሜትር ያህል ይሆናል። ፀሐይ ከፍ ብላ የገጹ ብርሃን ሃያ እጥፍ ሲደርስ ግን የማካካሻው ጥልቀት ወደ 30 ሜትር፣ ወሳኙ ጥልቀት ወደ 200 ሜትር ይወርዳል። ነፋሱ ውሃውን እስከ 300 ሜትር የሚያማስል ከሆነ ይህ ሁሉ ብርሃን በቂ አይደለም፤ ዕፁ ከቀኑ አብዛኛውን በጨለማ ያሳልፋልና። መደባለቁ ወደ 100 ሜትር ሲያጥር ግን በዚያው ብርሃን ባሕሩ ይለመልማል። ባሕሩ በብርሃን መካከል የሚዘገየው ስለዚህ ነው። የሚጠብቀው ፀሐይን ብቻ ሳይሆን የውሃውን መርጋት ጭምር ነው።

ስቨርድሩፕ ይህን ስሌት የፈተነው በኖርዌይ ባሕር፣ በ66 ዲግሪ ሰሜንና በ2 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ከቆመች የአየር ጠባይ መርከብ በ1949 ጸደይ በተሰበሰበ መረጃ ነው። በመጋቢት የሚደባለቀው ውሃ ከወሳኙ ጥልቀት በጣም ያለፈ ነበር፤ ዕፀዋቱም አልታዩም ማለት ይቻላል። ጸደዩ እየገፋ ሲሄድ መደባለቁ አጠረ፣ ወሳኙ ጥልቀት ወረደ፤ ሁለቱ በተሻገሩበት ወቅት ዕፀዋቱ መብዛት ጀመሩ፤ ተከትለዋቸውም እነሱን የሚግጡት ጥቃቅን እንስሳት በዙ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ስምምነት በተመካ ነበር። ስቨርድሩፕ ግን የአንድ ቦታና የአንድ ጸደይ መረጃ ብዙ እምነት ሊጣልበት እንደማይገባ ራሱ አስጠነቀቀ። ስሌቱ የቆመባቸውንም ግምቶች አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ ውሃው በሚገባ የተደባለቀ ነው፣ የምግብ ጨው እጥረት የለም፣ ወጪው በሁሉም ጥልቀት አንድ ነው፣ እያለ ሳይሸሽግ አስቀመጠ።

በዋልታ ባሕር ዳርቻዎች ይህ አሳብ ከሌላው ሥፍራ የበለጠ ትርጉም አለው። በሞቃታማው ባሕር ውሃውን የሚያረጋው በዋናነት የፀሐይ ሙቀት ሲሆን፣ በዋልታው ግን የበረዶው መቅለጥ ነው። ከበረዶ የሚወጣው ውሃ ጨው ስለሚያንሰው ከጨዋማው ይቀላል፤ እንደ ዘይት በላዩ ይንሳፈፋል፤ ነፋሱም በቀላሉ ወደ ታች ሊያወርደው አይችልም። ዕፀዋቱም በዚህ ቀጭን ሽፋን ውስጥ ተይዘው ብርሃን እንደጠገቡ ይቆያሉ። የበረዶው ጠርዝ ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር አረንጓዴው ውሃ የሚከተለው ለዚህ ነው። ከአንታርክቲካ ምድር ወደ ባሕር የሚወርደው ብርቱ ነፋስ ሲነሣ ግን ሽፋኑ ይፈርሳል፤ ዕፀዋቱም ወደ ጨለማው ይበተናሉ።

በዳርቻው ሌላ ውስብስብነትም አለ። ከምድር ላይ ተንሸራትቶ ወደ ባሕር የሚወርደው የበረዶ ግግር ሲቀልጥ፣ ቀላሉ ውሃ ባሕሩን ቢያረጋውም የሚያመጣው ደቃቅ አፈር ብርሃኑን ይጋርደዋል። በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ይነሣል እንደማለት ነው። ከዚህም በላይ የረጋ ውሃ ከጥልቁ ጋር ስለማይደባለቅ፣ ዕፀዋቱ በላይ ያለውን የምግብ ጨው በልተው ሲጨርሱ ምትክ አያገኙም። መደባለቅ ሲበዛ ብርሃን ይጎድላል፤ ሲያንስ ምግብ ይጎድላል። የዋልታ ባሕር ሕይወት የተንጠለጠለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ስቨርድሩፕ ከሞተ በኋላ ስሌቱ ብዙ ተፈትኗል። በ1999 ሂውስማንና ባልደረቦቹ የመደባለቁ ጥልቀት ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም እንደሚወስን አሳዩ፤ መደባለቁ ዝግ ያለ ከሆነ ዕፀዋቱ ወደ ጨለማው ከመወሰዳቸው ይልቅ ፈጥነው ሊራቡ ይችላሉ። በ2010 ደግሞ ማይክል ቤረንፈልድ የሳተላይት መረጃ ይዞ፣ በሰሜን አትላንቲክ ብዛታቸው የሚጀምረው በብርዱ ወራት መካከል ነው በማለት አሳቡ እንዲተው እስከ መጠየቅ ደረሰ። በእሱ አመለካከት ጥልቁ መደባለቅ ግጦሽተኞቹን እንስሳት ከዕፀዋቱ ስለሚያራርቅ ወጪው ይቀንሳል። ክርክሩ አልተዘጋም። ይሁንና ተከራካሪዎቹ ሁሉ የሚነሡት በ1953 በግልጽ ከተዘረዘሩት ግምቶች ከአንዱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። የቱ ግምት እንደማይጸና ለማወቅ የተቻለው አስቀድሞ ስለተጻፈ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የተገኘው ስቨርድሩፕ በወጣትነቱ በሚያውቀው አካባቢ ነው። በ1922 ማውድን በረዶ የያዛት በቹክቺ ባሕር ነበር። በዚሁ ባሕር በሐምሌ 2011 የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንድ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው በረዶ ሥር እጅግ ታላቅ የፋይቶፕላንክተን ብዛት አገኙ። ቀድሞ በረዶው ብርሃን አያሳልፍም ተብሎ ይታሰብ ነበር። በረዶው ሲሳሳና በላዩ የቀለጠው ውሃ ኩሬ ሲሠራ ግን ብርሃን ወደ ታች ይዘልቃል፤ የበረዶው ክዳን ደግሞ ነፋሱን ስለሚከለክል ውሃው ይረጋል። ብርሃንና መርጋት ሲገናኙ ባሕሩ ይለመልማል የሚለው የስቨርድሩፕ ሚዛን ማንም ባልጠበቀው ሥፍራ ሠራ። የምድር ሙቀት እየጨመረ በረዶው እየሳሳና እየሸሸ በሚሄድበት በአሁኑ ዘመን፣ የባሕሩ ጸደይ መቼ እንደሚመጣና ዓሣውና ወፉ በጊዜው ይደርሱበት እንደሆነ ለማወቅ የሚጥሩ ሁሉ ይህን ሚዛን ከመሣሪያዎቻቸው መካከል ይቆጥሩታል።

ስቨርድሩፕ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በኦስሎ ዩኒቨርስቲ የጂኦፊዚክስ ፕሮፌሰር ሲሆን፣ ኖርዌይ በሕንድ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ለሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች የጀመረችውን የእርዳታ ሥራም በሊቀ መንበርነት መርቷል። ነሐሴ 1957 በኦስሎ ሞተ። የውቅያኖስ ጅረት የሚለካበት፣ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚያመለክተው መለኪያ በስሙ ይጠራል። ስቨርድሩፕ ከሰባት ዓመት የበረዶ ኑሮ ያተረፈው ዋልታውን የረገጠ ሰው ዝና አይደለም። ያተረፈው የመለካት ትዕግሥት ነው፤ በዚያ ትዕግሥት ላይ የቆመው ስሌትም ጉድለቱን ራሱ እያሳየ ለተከታዮቹ መንገድ ከፍቷል። ለማናቸውም ባለ ሙያ ከዚህ የበለጠ ቅርስ አይገኝም።